«ንብረት የሴት ነው» በሚባልበት አገር የእኔ ድርሻ የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ «ከባለቤቴ ጋር የተዋወቅነው ዶሃ ስንሠራ ነው። እሱ ኢንዶኔዥያዊ ነው፤ ትውልዱ ምዕራብ ሱማትራ፣ አጋም አውራጃ፣ ከሲንጋላንግ ተራራ ግርጌ ያለች ትንሽ መንደር ነው። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። ሁለታችንም ሙስሊሞች ነን፤ ኒካህ ያሰርነውም እዚያው ዶሃ ነው። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉን፤ አሁን ጠቅልለን ወደ መንደሩ ልንገባ አስበናል። እናቱ ከትልቁ የቤተሰብ ቤት አጠገብ ቦታ እንስጣችሁና ቤት ሥሩበት ብለዋል። አጎቱ ደግሞ የዛሬ 11 ዓመት በ20 አመህ (የአገሩ የወርቅ መለኪያ ነው) ወርቅ በመያዣነት የተያዘ የሩዝ ማሳ አለ፤ ካስለቀቃችሁት እናንተ ታርሱታላችሁ ይላሉ። አንድ ደላላ በበኩሉ በአገሬው ሰው ስም መሬት ገዝቶ በውል ሊያስረክበኝ ፈቃደኛ ነው። በዚያ አገር ንብረት የሴት ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ታዲያ ቤቱና ማሳው የእኔ ሆኖ ከእኔ ወደ ልጆቼ ያልፋል ማለት ነው?»

መልስ፦ ንብረት የሴት ነው የተባለው እውነት ነው። ሴቲቱ ግን እርስዎ አይደሉም። የባለቤትዎ ወገን በሆነው በሚናንግካባው ሕዝብ ዘንድ ዘርም መሬትም የሚቆጠረው በእናት በኩል ነው፤ ስለዚህ የዚያ ቤትና የዚያ ማሳ ባለመብቶች አማትዎ፣ የአማትዎ እህቶች፣ ሴት ልጆቻቸውና የሴት ልጆቻቸው ልጆች ናቸው። ባለቤትዎ ከዚያ ማሳ ሲበላ ያደገ የቤቱ ልጅ ቢሆንም ለራሱ ልጆች የሚያወርሰው አንድም ትልም የለውም። ከእሱ ቀጥሎ የሚቆሙት የእህቶቹ ልጆች ናቸው። ማማክ የሚባሉት አጎቱም፣ ማለትም የእናቱ ወንድም፣ አስተዳዳሪና ጠባቂ እንጂ ባለቤት አይደሉም፤ የሰጡት ቃል የሚጸናው የእናት ዘር ሐረጉ አዋቂዎች ሲስማሙበት ብቻ ነው። ይህ በእርስዎ ላይ የታሰበ ክፋት አይደለም። የአማትዎ ባልም በዚሁ ሥርዓት ኖረዋል፤ በአገሩ ልማድ ወንዱ ወደ ሚስቱ እናት ቤት ይገባል፣ እዚያም እንደ እንግዳ ይቆጠራል። «ጉቶ ላይ ያረፈ አመድ» ይሉታል፤ ነፋስ ሲመጣ ይወስደዋል።

ከወሎ ስለሆኑ የርስትን ነገር ከአያቶችዎ ሳይሰሙ አልቀሩም። ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ በፊት በሰሜኑ ደጋ ርስት የአያት የቅድመ አያት አደራ እንጂ የገበያ ዕቃ አልነበረም፤ በዚህ ሁለቱ ይመሳሰላሉ። ነገር ግን ርስት ከአባትም ከእናትም ስለሚቆጠር አንዱ ወገን ቢነፍግዎ በሌላው ይሟገታሉ። ሚናንግካባው ዘንድ የሚቆጠረው የእናት ወገን ብቻ ነው። ማስረጃውን በዓይንዎ ማየት ከፈለጉ ባለቤትዎ ራንጂ የሚባለውን የቤተሰቡን የዘር ሐረግ ሰነድ እንዲያሳይዎ ይጠይቁት። ብዙ ጊዜ በአንድ ሰፊ ወረቀት ላይ የተሣለ ነው፤ ከላይ አንዲት ሴት አያት አለች፣ ከእሷ መስመሮች እየወረዱ ይዘረጋሉ፣ ከታች የማማኩና የጎሳ ሹማምንቱ ፊርማና ማኅተም ይሰፍራል። ከሴቶቹ ስም ሥር መስመሩ ይቀጥላል፤ ከወንዶቹ ስም ሥር ይቆማል። የባለቤትዎ ስም አለ፤ የልጆችዎ ስም የለም። መሬት ሲመዘገብም ሆነ ክርክር ሲነሣ መጀመሪያ የሚቀርበው ይህ ወረቀት ነው።

ልጆችዎን በተመለከተ ነገሩ ከመሬትም አልፎ ይሄዳል። እያንዳንዱ ሚናንግካባው ሱኩ የሚባል ጎሳ ከእናቱ ይወስዳል፤ ነባሮቹ አራቱ ኮቶ፣ ፒሊያንግ፣ ቦዲና ቻኒያጎ ናቸው። እናታቸው የውጭ ሰው ስለሆነች ልጆችዎ ያለ ሱኩ ተወልደዋል። የአባታቸው ወገን ይወዳቸዋል፣ በሠርጋቸው የሚወጣው ወግ አለ፣ ግን በጎሳ ሸንጎ የሚናገርላቸው ማማክ የላቸውም። ለዚህ ባህሉ ራሱ መፍትሔ አበጅቷል፤ ማላኮክ ይባላል። የውጭ ሰው በጎሳ አለቆች ስምምነት፣ ከብት ታርዶና የወጉ ክፍያ ተከፍሎ፣ ወደ አንድ ጎሳ ይገባል። በአንድ ጎሳ ውስጥ መጋባት ስለማይፈቀድ እርስዎ የሚገቡት ከባለቤትዎ ወደተለየ ጎሳ ነው፤ ልጆችዎም የእርስዎን ይይዛሉ። እዚያ ለመኖር ከቆረጡ ይህን ያድርጉት፤ ለልጆቹ ስም፣ ወገንና ጠበቃ ይሆናቸዋል። የሚሰጠው ግን ማኅበራዊ ቦታ ነው። የተቀበለዎ ጎሳ ለይቶ ካልሰጠ በቀር ከጥንት መሬቱ ድርሻ አያስገኝም።

አሁን ገንዘብዎን የሚወስነውን ነጥብ ልብ ይበሉ። በዚያ አገር ንብረት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ የሐረጉ ንብረት ነው፤ ከፍተኛው ቅርስ ይሉታል፣ አይከፋፈልም፣ በባህሉ አይሸጥም። ሁለተኛው ባልና ሚስት በላባቸው ያፈሩት ነው። በእስልምና ውርስና በእናት ሐረግ ልማድ መካከል ብዙ ዘመን የቆየው ክርክር የረገበው በዚሁ መስመር ነው፦ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1952 የጎሳ አለቆች፣ የሃይማኖት ሊቃውንትና ምሁራን ቡኪቲንጊ ከተማ ተሰብስበው የሐረጉ ንብረት በባህል፣ በላብ የተገኘው ግን በሸሪዓ ውርስ እንዲሄድ ተስማሙ። ስለዚህ ገንዘብዎ በሁለተኛው ክፍል ውስጥ እስካለ ድረስ ልጆችዎ ይወርሱታል። በሐረጉ መሬት ላይ ባፈሰሱት ቁጥር ግን ወደ መጀመሪያው ክፍል እየገባ ይሄዳል፤ ከዚያ ማስወጣት ደግሞ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

አማትዎ የሰጡት ቦታ የሚገኘው በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ነው። ደግነታቸውን አልጠራጠርም። በኢንዶኔዥያ የባህል ሕግ ቤትና መሬት ተለያይተው የሁለት ሰዎች ንብረት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ቤቱን እናንተ ከሠራችሁት የእናንተ ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን በሰው መሬት ላይ የቆመ የጡብ ቤት ባለቤትነት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያስቡ። አይሸጥም፣ ባንክ አያስይዝም፣ አማትዎ ሲያልፉ ቦታው የሴት ልጆቻቸው ይሆናል፣ ባለቤትዎ ቀድሞ ከሞተ ደግሞ እርስዎ ከሐረጉ ጋር የሚያገናኝዎ ገመድ ይበጠሳል። ያኔ ማንም ባያስወጣዎ እንኳ የሚኖሩት በፈቃድ እንጂ በመብት አይደለም። አንድ ወንድ ከሐረጉ መሬት ለልጆቹ የዕድሜ ልክ መጠቀሚያ እንዲሰጥ ባህሉ ይፈቅዳል፤ የእህቶቹና የልጆቻቸው ስምምነት ግን የግድ ነው፣ ልጆቹ ሲያልፉም መሬቱ ይመለሳል። ስለዚህ እዚያ ቦታ ላይ የሚሠራ ነገር ካለ ርካሽና በእንጨት የቆመ ይሁን፤ ስምምነቱም በራንጂው ላይ ባሉት አዋቂዎች ሁሉ ፊርማ፣ በመንደሩ አስተዳዳሪና በባህል ሸንጎው ማኅተም በጽሑፍ ይስፈር። ከአማትዎ ጋር ብቻ የተደረገ የቃል ስምምነት ከአማትዎ ዕድሜ አይዘልም።

የአጎቱ ሐሳብ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ መልካምም ጉዳትም ያለበት ነው። ማሳው የተያዘበት መንገድ በእኛ ወለድ አገድ ከምንለው ጋር አንድ ነው፦ ባለማሳው ወርቅ ይወስዳል፣ ወርቅ ሰጪው ወለድ በመቀበል ፈንታ ማሳውን እያረሰ ይበላል፣ ወርቁ እስኪመለስ ድረስ። ባህሉ መሬት እንዳይሸጥ ስለሚከለክል የተቸገረ ቤተሰብ የሚሄደው በዚህ መንገድ ነው፤ ለዚያውም በልማዱ የሚታወቁት ምክንያቶች አራት ብቻ ናቸው። ሬሳ በቤት ውስጥ ሲተኛና መቅበሪያ ሲጠፋ፣ የትልቁ ቤት ጣሪያ ሲያፈስ፣ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ያለ ባል ስትቀርና መዳሪያ ሲታጣ፣ የተቋረጠውን የጎሳ አለቃነት ማዕረግ መልሶ ለማንሣት ድግስ ሲያስፈልግ። በተግባር ለልጆች ትምህርትና ወደ ከተማ ለመሰደጃ የተያዘውም ብዙ ነው። ዋጋው በወርቅ የሚነገረው የአገሩ ገንዘብ ሩፒያ ስለሚወድቅ ነው። አንድ አመህ ሁለት ተኩል ግራም ነው፤ የተጠየቃችሁት እንግዲህ 50 ግራም ወርቅ ነው።

እዚህ ላይ አጎትየው ያልነገሯችሁ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው የእርሻ መሬት ሕግ ቁጥር 56 በአንቀጽ 7 እንዲህ ይላል፦ ሰባት ዓመትና ከዚያ በላይ በወለድ አገድ የተያዘ እርሻ ሰብሉ በተነሣ በአንድ ወር ውስጥ ያለ ምንም ክፍያ ለባለማሳው ይመለስ። ከሰባት ዓመት በታች ከሆነም የሚከፈለው ያዡ በቆየበት ጊዜ ልክ እየቀነሰ ይሄዳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ያን ያህል ዘመን አርሶ የበላ ሰው ወርቁን ከነወለዱ አግኝቷል። የእናንተ ማሳ 11 ዓመት ሆኖታል፣ በመንግሥት ሕግ የሚከፈል ዕዳ የለበትም። ታዲያ ለምን ይከፈላል? ምዕራብ ሱማትራ ውስጥ ይህ አንቀጽ እንደ ባህል መጣስ ስለሚታይ ብዙ መንደር አይሠራበትም፤ ያዡም ብዙ ጊዜ ጎረቤት ወይም ዘመድ ነው፣ ፍርድ ቤት መሄድ ከሰው መቆራረጥ ነው። እኔ ክሰሱ አልልም። ሕጉ መኖሩ ግን በሽምግልና ወርቁን ለማስቀነስ ጥሩ ክርክር ይሆናል፤ ያን ክርክር ማቅረብ ያለባቸው አጎትየው እንጂ እናንተ አይደላችሁም።

ከከፈላችሁ በኋላ ማሳው የማን ይሆናል? ወደ ሐረጉ ይመለሳል። በጽሑፍ ካልተለየ የእናንተ ወርቅ ልጅ ለእናቱ ወገን ያደረገው ውለታ ተደርጎ ይቆጠራል፤ ውለታው ትልቅ ክብር ያስገኛል፣ ገንዘብ ግን አያስመልስም። በጽሑፍ ከተለየ ባለቤትዎ በያዡ ቦታ ገብቶ ወርቁ እስኪመለስለት ማሳውን ይበላል፤ ያኔ የሰባት ዓመቱ ሕግ ነገ በእሱ ላይ ሊነሣበት እንደሚችል ማወቅ አለበት። ስለ ገቢውም አይታለሉ። ማሳውን እናንተ ራሳችሁ ካላረሳችሁ የሚታረሰው በእኩል ነው፤ ግማሹ ለአራሹ ይሄዳል፣ የቀረው ለቤት ቀለብ እንጂ ለትምህርት ቤት ክፍያ አይበቃም። ባለቤትዎ ማሳውን ለእናቱ ክብር ማስለቀቅ ከፈለገ ያስለቅቅ፤ በስጦታ መዝግባችሁ፣ መልሱን ሳትጠብቁ፣ ከቁጠባችሁ ጥቂቱን ብቻ።

ደላላውን ግን ዛሬውኑ ያሰናብቱ። የኢንዶኔዥያ የመሬት መሠረታዊ ሕግ፣ እ.ኤ.አ. የ1960 ቁጥር 5፣ ሙሉ የመሬት ባለቤትነትን ለዜጎች ብቻ ነው የሰጠው። አንቀጽ 26 ደግሞ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ለውጭ ዜጋ የሚደረግ ማስተላለፍ ዋጋ የለውም፣ መሬቱ ለመንግሥት ይሆናል፣ የተከፈለውም ገንዘብ አይመለስም ይላል። በስሙ የተገዛለት ሰው ቢክድ የሚከሱበት ውል የለዎትም፤ ውሉን ካሳዩ ራስዎን ነው ያጋለጡት። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው» የሚለው የደላላ ቃል በፍርድ ቤት አይሠራም። ለውጭ ዜጋ የሚፈቀድ የመጠቀሚያ መብት አለ፣ እስከ 30 ዓመት ተሰጥቶ የሚራዘም፤ ነገር ግን ዝቅተኛ የዋጋ ወለልና ቅድመ ሁኔታ ስላለው የከተማ ቪላ ለሚገዛ እንጂ ለመንደር ቤት የሚመች አይደለም።

«በባሌ ስም እንግዛ» የሚለውም ወጥመድ አለበት፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. የ1974ቱ የጋብቻ ሕግ በአንቀጽ 35 በጋብቻ ዘመን የተገኘ ንብረት የጋራ ነው ይላል። ሚስቲቱ የውጭ ዜጋ ከሆነች ባልየው የገዛው መሬት ግማሹ በውጭ ዜጋ እጅ እንደገባ ይታያል፤ የመሬት ሕጉ ደግሞ በጋብቻ ውሕደት መሬት ያገኘ የውጭ ዜጋ በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲለቅ ያዛል። ማምለጫው ንብረትን የሚለይ የጋብቻ ውል ነው። ቀድሞ ከጋብቻ በፊት ብቻ ነበር የሚፈቀደው፤ የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ69/2015 መዝገብ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 በሰጠው ውሳኔ ግን ከጋብቻ በኋላም መዋዋል ተፈቅዷል። ውሉ በኖታሪ ይጻፋል፣ በጋብቻ መዝገብም ይመዘገባል። ከዚያ በፊት የዶሃው ኒካህ ኢንዶኔዥያ በገባችሁ በአንድ ዓመት ውስጥ መመዝገብ አለበት። ይህ ውል ለእርስዎ ዋጋ እንደሚያስከፍል አልደብቅም፦ ከተፈረመ በኋላ በባለቤትዎ ስም የሚገዛው የእሱ ብቻ ነው፣ ብትፋቱ ድርሻ አይጠይቁበትም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ተከራዩ፤ ከአማትዎ ቤት በእግር የሚደረስ፣ የራስዎ በር ያለው ቤት። በባህሉ ሚስት ከባሏ እህቶች ጋር አትኖርም፣ እርስዎም ይህን ፈተና በራስዎ ላይ አያምጡ። ረቡዕና ቅዳሜ ቡኪቲንጊ ገበያ ውጡ። በየመንገዱ ዳር በኮኮናት ቅል የሚቀርበውን የቡና ቅጠል ጠጡ፤ ሐረር ላይ ኩቲ የምንለው ነው፣ እዚያ ኔዘርላንዶች እ.ኤ.አ. ከ1847 እስከ 1908 ገበሬውን ቡና በግዴታ ሲያስረክቡት ከኖሩበት ዘመን ጋር ስሙ ይነሣል። የትኛው መሬት ክርክር እንዳለበት የሚሰማው ከመንግሥት ቢሮ ይልቅ እነዚህ ዳሶች ውስጥ ነው። በዚያ ዓመት ጋብቻውን አስመዝግቡ፣ የንብረት ውሉን ጨርሱ። ከዚያ ባለቤትዎ በራሱ ስም ትንሽ የቤት ቦታ ይግዛ፤ ከብሔራዊ የመሬት ቢሮ የተሰጠ የባለቤትነት የምስክር ወረቀት ያለው፣ ሻጩ የሐረግ መሬት ሳይሆን በላቡ ያገኘውን የሚሸጥ፣ ውሉ በመሬት ውል ሹም ፊት የሚፈረም። የምስክር ወረቀት አለው ተብሎ የሐረግ መሬት የሆነበት ጊዜ ስላለ የሻጩን ወገኖች ሳትጠይቁ አትፈርሙ። የሩዝ እርሻ አትግዙ፤ እ.ኤ.አ. የ1961 ደንብ ቁጥር 224 የእርሻ ባለቤት እርሻው ባለበት ወረዳ እንዲኖር ያስገድዳል፣ ባለቤትዎ ወደ ዶሃ ቢመለስ ችግር ይገጥመዋል።

የልጆችዎ ዜግነት እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። በኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. የ2006 የዜግነት ሕግ የኢንዶኔዥያዊ አባት ልጆች ናቸውና ዜጎች ናቸው፤ እስከ 18 ዓመታቸው ጥምር ዜግነት ይፈቀድላቸዋል፣ እስከ 21 ይመርጣሉ። የእኛ አዋጅ ቁጥር 378/1996 ጥምር ዜግነትን አይቀበልም፤ ስለዚህ በኢንዶኔዥያ በኩል ያለው ምዝገባ አንድም ቀን እንዳይጓደል። አባታቸው ቢሞት መሬቱን ወርሰው መያዝ የሚችሉት እነሱ ናቸው። ልጆች ያሏት ሚስት በእስልምና ውርስ የምታገኘው አንድ ስምንተኛ ነው፤ እርስዎ የውጭ ዜጋ ሆነው ከቆዩ ያንንም ድርሻ በአንድ ዓመት ውስጥ ማስተላለፍ ይኖርብዎታል። ከቁጠባችሁ ቢያንስ ግማሹ በእርስዎ ስም በባንክ ወይም በወርቅ ይቀመጥ፣ በንብረት ውሉም የእርስዎ ብቻ መሆኑ ይጻፍ። መሬት ላይ የሚገባው የልጆቼ ነው ብለው በሰላም የሚተዉት ያህል ብቻ ይሁን።

ቦታውን ስትመርጡ ተራራውን አትርሱ። ሲንጋላንግ ዝም ያለ ነው፤ ጎረቤቱ ማራፒ ግን እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 3 ቀን 2023 ፈንድቶ 24 ተራራ ወጪዎችን ገድሏል፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 11 ቀን 2024 ደግሞ በጫፉ የተከመረው አመድና ድንጋይ በዝናብ ታጥቦ በአጋምና በታናህ ዳታር መንደሮች ላይ ሲወርድ ከ60 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ጋሎዶ ይሉታል፤ የሚሄደው በወንዙ መንገድ ነው፣ ወንዙ በበጋ ቀጭን ጅረት ቢመስልም። የሱማትራ የመሬት ስንጥቅም በዚያው አካባቢ ያልፋል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2009 በደረሱት የመሬት መንቀጥቀጦች ያለ ብረት የተሠራ የጡብ ቤት ብዙ ሰው ላይ ተደርምሷል፤ በአዕማድ ላይ የቆመው የጥንቱ የእንጨት ቤት ግን ከመንቀጥቀጡ ጋር ይወዛወዛል። ቦታውን በከባድ ዝናብ ማግስት ሄዳችሁ እዩት፣ ውኃው የት እንደደረሰ ሽማግሌዎችን ጠይቁ፤ ከወንዙ ዳር ከሆነ የምስክር ወረቀቱ ንጹሕ ቢሆንም አትግዙት።